ተረትና እውነታ፦ «ሳተላይት የለካው ከፍታ አይሳሳትም»

ይሳሳታል፤ እንደ ኮሶዬ ባለ ገደላማ አገር ደግሞ ክፉኛ ይሳሳታል።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ባልተቆጣሁ። ነገር ግን ምንጭ አጎልብቶ ውሃውን በስበት ወደ መንደር ቦኖ ለማውረድ ሲታሰብ፣ በምንጩና በቦኖው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ልዩነት ከኮምፒውተር ካርታ ላይ አንብበው «ቀያሽ ለምን? ሳተላይት ለክቶታል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሕዝብ የቆፈረው ቦይ፣ የተቀበረው ቧንቧ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ውሃው ቦኖው ጋ ሳይደርስ ሲቀር አይቻለሁ።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን በራዳር ለክታለች። ውጤቱ ከምድር መለኪያዎች ጋር ሲነጻጸር፣ በአፍሪካ ከተፈተሹት ነጥቦች 90 በመቶ ያህሉ ላይ የታየው ስህተት ከ5.6 ሜትር አይበልጥም። ለደንቢያ ሜዳ ይህ ግሩም ነው።

ቁጥሩ እንዲህ የሰመረው ግን በራሱ አይደለም። መንኮራኩሯ ሁለተኛውን አንቴና የያዘችው በ60 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበር። የሁለቱ አንቴናዎች መስመር የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ያህል ቢያዘም፣ መሬት ላይ ከ1 ሜትር በላይ የከፍታ ስህተት ይፈጥራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከፍታው በሚታወቀው የባሕር ወለል ላይ ልኬቱን አስተካክለዋል፤ የብስ ላይም በጂፒኤስ የተለኩ መስመሮችንና ሦስት ጎን ያላቸው የብረት አንጸባራቂዎችን ተጠቅመዋል።

ይህ ማስተካከያ የመሣሪያውን ዝንባሌ ያርማል። ገደልን ግን አያርምም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ፣ ኮሶዬ ላይ ደጋው በድንገት ይቆረጣል። ራዳር ወደ ጎን ስለሚያይ ከገደሉ ጀርባ ጥላ ይሆናል፤ ምልክቱም ጭራሽ አይደርስም። በፊት ለፊቱ ደግሞ የአፋፉ ምላሽ ከግርጌው ቀድሞ ይመለስና ላይና ታቹ ይደባለቃል። የተረፈው ባዶ ቦታ ከጎረቤት ነጥቦች በግምት ይሞላል። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ያልተለካ መሆኑን አንባቢው በምን ይወቅ? በ45 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ካርታው 30 ሜትር ወደ ጎን ቢሸሽ ከፍታውም 30 ሜትር ይሳሳታል። ባሕር ዛፍ በበዛበት ደግሞ ምልክቱ ወደ ቅጠሉ ተጠግቶ ስለሚመለስ፣ ከዛፉ ቁመት ከፊሉ መሬቱ ላይ ይደመራል።

መፍትሔው ቀያሹ ራሱ ነው። ከታወቀ የከፍታ ነጥብ ተነሥቶ ደጋው ላይ፣ አፋፉ ላይና ቆላው ላይ ይለካል፤ ከራዳሩ ጋርም ያነጻጽራል። ደጋው ላይ የተገኘው ማረሚያ ለገደሉ አይሠራም። የቧንቧው መስመር ግን ሁሌም በሌቭል ወይም በቶታል ስቴሽን ይለካ።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ። «የክረምት ደመና ራዳርን ይጋርዳል» ሐሰት ነው፤ ያልፈዋል። «ጂፒኤሱ ከካርታው ስለተለየ ተበላሽቷል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ መሣሪያው ከሒሳባዊው የምድር ቅርጽ፣ ካርታው ከባሕር ወለል ይቆጥራሉ፤ መነሻቸው ይለያያል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ሳተላይታችንም ከፍታ ለኪ ራዳር አልነበረችም፤ ካሜራ ነው የያዘችው። ራስ ደጀንም ከ4,620 ወደ 4,550 ሜትር «አልወረደም»፤ የተሻሻለው ልኬቱ ነው። ራዳር በ30 ሜትር ስፋት አማካይ እየወሰደ ስለሚመዘግብ ደግሞ ሹል ጫፎች ከእውነተኛ ቁመታቸው ዝቅ ብለው ይታያሉ።