ዕድሜ፣ ዳገትና የጀርባ ሻንጣ

ሰማዩ ጠራ ባለ ቀን ከወሎ ሰፈር ፎቆች ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የረር ተራራ ቅርብ ይመስላል። ጫፉ ግን 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በ30 ዓመቱ 10 ኪሎ አዝሎ የወጣው ሰው በ60 ዓመቱ ያንኑ ሻንጣ ቢሸከም ይከብደዋል።

ነገሩ ሂሳብ ነው። ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጠንከር ያለ ስፖርት ያልተወ ሰው ላይ ቅናሹ በግማሽ ያህል ይዘገያል። ዳገቱ ግን ለማንም ቅናሽ አያደርግም። ስለዚህ በ30 ዓመቱ የአቅሙን ግማሽ ይወስድበት የነበረ ዳገት በ60 ዓመቱ 70 በመቶ ገደማ ይወስድበታል። ያኔ ጨዋታው ይቋረጥና ትንፋሽ ብቻ ይቀራል።

እኔ ግን ከዳገቱ ይልቅ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ በጥቂቱ የሚጎዳውም ያኔ ነው። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ አያገግምም። ምርኩዝ መያዝ ከጉልበት ላይ ጫና ይቀንሳል፤ ሽማግሌ ያስመስለኛል ብሎ ማፈር አያስፈልግም።

«የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶችስ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ አዝለው ይወርዳሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ የኬንያ ጥናትም የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል በራሳቸው ላይ ወይም በግንባር ማሰሪያ ተሸክመው ሲሄዱ ተጨማሪ ኃይል እንደማያወጡ አሳይቷል። ይህ ግን ከልጅነት የመጣ ልምድ ነው። የእንጦጦዎቹ ደግሞ የሚሸከሙት ችግር አስገድዷቸው ነው፤ ለቅዳሜ ተጓዥ መለኪያ አይሆኑም።

የሸክም ቅነሳው ከእግር ቢጀምር ይመረጣል፤ ጫማ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ ካለ አምስት ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈጃል። ቀጥሎ ስንቅ ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ በሶና ቆሎ ይሻላሉ። የሃይላንድ ውሃን ግን አይቀንሱ፤ መንገድ ላይ የሚሞላበት ካለ ግማሹን እዚያ መቅዳት ይቻላል።

ለረጅሙ ጉዞ፣ ማለትም ወደ 4,550 ሜትር ገደማው ራስ ዳሸን፣ ደባርቅ ላይ በቅሎ ከነነጂው ይከራያል። ድንኳኑም ምግቡም በበቅሎው ይጫናል፤ ተጓዡ ውሃውንና የዝናብ ልብሱን ይዞ ይከተላል።