የቤተሰብ ፎቶና ድምፅ የት ይቀመጥ? መጀመሪያ ጎተራው፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ



ቤታችሁ ለጉብኝት ስመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን ይወጣል። ውስጡ የሠርግ ካሴት፣ የስግድ ፎቶ፣ በሱዳን መንገድ የቀሩትን በስም የሚያነሳ የሽማግሌ ድምፅ አለ። የእኔም አያት ድምፅ በአጎቴ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ዲስኩ ተበላሸ፣ ሌላ ቅጂ አልነበረም፣ ድምፁ ጠፋ። አያቴ ደግሞ አርፏል፤ እንደገና አይቀዳም።

በቅርቡ ከእናንተ አንዳንዶች “የልጅ ልጄ ቤት ውስጥ ሰርቨር ላስገባ ይላል፤ ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በስልኩ እየገባ ፎቶውን ያያል፣ ድምፁን ይሰማል። ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው እንደ ጎተራ ነው። ዋና ሥራው ማስቀመጥና መጠበቅ ነው። ሲኖሎጂ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ዝግጁ ሳጥን ይሸጣል፤ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይገዛል። ትሩናስ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ባለን ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ሁለት ዲስክ ከገባ ያንኑ ነገር ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል። ትሩናስ የተቀመጠው ነገር በውስጥ እንዳልተበላሸም ይፈትሻል። እህል ነቀዝ እንዳይገባው ጎተራ ከፍታችሁ እንደምታዩት ማለት ነው።

ሁለተኛው እንደ ወጥ ቤት ነው። ፕሮክስሞክስ የሚባለው፣ ኦስትሪያ አገር የተሠራው፣ አንዱን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር ይከፋፍለዋል። አንዱ ፊልም ያሳያል፣ አንዱ የቤት ካሜራ ይይዛል። ወጣቶች ይወዱታል፤ ሙያም ይማሩበታል። ግን የሚማር ሰው ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ወጥ ቤት እሳት አለበት፤ የዘር እህል እዚያ አይቀመጥም።

ዛሬ ድንበሩ ቀጭን ነው። ትሩናስም ሲኖሎጂም ፎቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ያስኬዳሉ፤ ፕሮክስሞክስም ሁለት ዲስክ ላይ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው “የቱ ይበልጣል?” ሳይሆን “ቢጠፋ የማይተካው የቱ ነው?” ነው። የማይተካው ካለ፣ ጎተራው ይቅደም። ልጁ መማር ከፈለገ በሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይማር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁለት ዲስክ አንድ ሳጥን ውስጥ ስላለ ተረፍን አይባልም። በስህተት አንድ ፎቶ ቢሰረዝ ከሁለቱም ይሰረዛል። ሌባ ወይም እሳት ቢመጣ ሳጥኑ አብሮ ይሄዳል። ሰኔ 15 ቀን 2025 ሌሊት ሚሳይል እዚሁ ሬሖቮት ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ላይ ሲወድቅ፣ ተመራማሪዎች የብዙ ዓመት ናሙና በአንድ ሌሊት አጥተዋል። የተማረ ሰው ያለበት ቤት ነው፤ በአንድ ቦታ ያለ ነገር ግን በአንድ ቦታ ይጠፋል።

ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ሳጥኑ ላይ፣ አንዱ ከሳጥኑ በሚለይ ዲስክ ላይ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለች ልጃችሁ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚገባ ፎቶ ሁሉ ከዚያ ይቆጠራል፤ አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 3,700 ፎቶ ብቻ ይይዛል። 1 ቴራባይት ዲስክ ግን ወደ 250,000 ይይዛል፤ ስለዚህ ትልቁንና ውዱን ለመግዛት አትቸኩሉ።

ልጁ ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦

1. አንድ ዲስክ ቢበላሽ ምን ይሆናል?
2. ከቤታችን ውጭ ያለው ቅጂ የት ነው?
3. አንተ ወታደር ቤት ስትገባ ወይም ስታገባ፣ የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? በወረቀት ይጻፍና ከተዑዳት ዜሁታችሁ ጋር ይቀመጥ። በስልክ ለሚጠይቅ ለማንም አትስጡ።
4. አሁን አንድ ፎቶ ሰርዝና መልሰህ አሳየኝ።

አራተኛውን ሳያሳይ “ተቀምጧል” ቢላችሁ፣ ገና አልተቀመጠም። ካሴቱንም ወደ ኮምፒውተር ካስገባችሁ በኋላ አትጣሉት።

የሚረዳችሁ ልጅ አጠገባችሁ ከሌለ፣ ለጉብኝት ስመጣ ንገሩኝ፤ ጥያቄዎቹን አብረን እንጽፋለን። ካርቶኑን ግን ዛሬ ክፈቱት። ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስሙን ካልነገራችሁን የትኛውም ሳጥን አያውቀውም።