አንድ ቅጂ፣ ብዙ አንባቢ

ንባብ ለብቻ የሚከናወን ተግባር ቢመስልም፣ አንባቢው ቀጥሎ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነሣ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በተለይም እንደ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር በሚገኙ ከተሞች፣ የአንድ መጽሐፍ መልካምነት የሚሰማው በጋዜጣ ከወጣ ሒስ ይልቅ አንብቦ ከወደደው የሥራ ባልደረባ፣ የክፍል ጓደኛ ወይም ዘመድ አፍ ነው። ይህ ልማድ የመጽሐፍ ጥቆማ ይባላል፤ ትርጉሙም አንድ አንባቢ ያነበበውን ወይም በማንበብ ላይ ያለውን መጽሐፍ «ለአንተ ይሆንሃል» ብሎ በራሱ ኃላፊነት ለሌላው ማመልከቱ ነው። ጠቋሚው ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ጥቆማ ከማስታወቂያ ይለያል፤ ለሚያውቀው አንድ ሰው እንጂ ለማያውቃቸው ብዙዎች ስለማይናገር ደግሞ ከሒስ ይለያል።

ጥቆማ በኢትዮጵያ የተለየ ክብደት ያገኘው መጽሐፍ በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ በመሆኑ ነው። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ በመጀመሪያ እትሙ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሺ ቅጂ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው አዲስ አበባ ላይ ይቀራል፤ የወረቀት ዋጋ በናረ ቁጥር የመጽሐፍ ዋጋም አብሮ ስለሚንር፣ ደመወዝተኛውና ተማሪው የሰሙትን መጽሐፍ ሁሉ መግዛት አይችሉም። ስለዚህ መጽሐፍ መጠቆምና መጽሐፍ ማዋስ በተግባር አንድ ሥራ ሆነዋል፤ «አንብበው» ያለ ሰው «ከየት አምጥቼ?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተለው ያውቃልና የራሱን ቅጂ አብሮ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አዳማ በመናኸሪያውና በካፌ በረንዳዎች መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ የሚዞረው አዟሪ ግን ከላይ የተሰጠውን ፍቺ ያስቸግራል፤ እሱ ይሸጣል፣ ያተርፋልም። ሆኖም የደንበኞቹን ፊት የሚያስታውስ፣ አንዱ ታሪክ ሌላው ልብ ወለድ እንደሚወድ የለየ አዟሪ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የማይሠሩትን ሥራ ስለሚሠራ፣ ከጠቋሚዎች ወገን ሊቆጠር ይገባዋል።

በጽሑፍ የተደረገ ጥቆማም ቢሆን ዕድሜው አጭር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳትመው ነበር። ካታሎግ ማለት የመጻሕፍት ስም በሥርዓት የሰፈረበት መዝገብ ነው፤ የኅሩይ መዝገብ የወጣው ግን መጽሐፍ በየገዳሙና በየመኳንንቱ ቤት ተበታትኖ በሚገኝበት፣ ማን ምን እንዳለው የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ በሆነበት ዘመን ስለነበር፣ ለአንባቢው የሚያደርሰው መልእክት «ይህ መጽሐፍ አለ፤ ፈልገው» የሚል ነበር። የጥቆማ የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው፤ መኖሩን ማሳወቅ። ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም መጽሐፉን ከተወሰነ ሰው ጋር ማገናኘት፣ በመዝገብ የሚሠራ አይደለም።

ይህን ሁለተኛውን ደረጃ ከማንም በላይ በግልጽ የሚያሳየው በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የተወለደው ገጣሚ፣ ተርጓሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን ነው። በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ የታወቀውና በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ነቢይ፣ በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ አንድ ቅጂ እስር ቤቱ ውስጥ ገባ። በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛው ከ1000 ገጽ በላይ ሲሆን፣ ያ አንድ ቅጂ በሰዓት እየተከፋፈለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሊያነቡት አይችሉም። አንብቦ የወደደ ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ «አንብቡት» ቢል ከንቱ ቃል ይሆናል፤ ነቢይ ስለዚህ መጽሐፉን ወደ አማርኛ እየመለሰ ለእስር ጓደኞቹ ያነብላቸው ጀመር።

ትርጉሙ የተጻፈበት ወረቀት በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። ሲጋራ በፓኬት ውስጥ የሚጠቀለልበት፣ አንድ ፊቱ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ሌላው ፊቱ ነጭ የሆነ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀት አለ፤ አጫሹ ፓኬቱን ሲከፍት ቀድዶ የሚጥለው እሱን ነው። ነቢይ የተረጎመው በነጩ ፊት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ሲሆን፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ 3000 የሚጠጉ ቁራጭ ወረቀቶች ሆነ። እያንዳንዱ ቁራጭ ተመልሶ የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ሊደበቅ ይችል ስለነበር፣ የሚፈቱ ሰዎች ጥቂት ጥቂቱን ይዘው እየወጡ በየቤታቸው አስቀመጡት፤ ተርጓሚው ራሱ ከተፈታ በኋላ የተበተነውን መሰብሰብ ዓመታት ፈጅቶበታል። መጽሐፉ በ1982 ዓ.ም. «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚደነቀው የተርጓሚው ጽናት ነው፤ መደነቁም ይገባዋል። ነገር ግን ያንን ወረቀት ሳይጥሉ ያጠራቀሙት አጫሾች፣ ቢያዝባቸው ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ይዘውት የወጡት እስረኞችና ለዓመታት በቤታቸው የጠበቁት ሰዎች ይህን ያደረጉት መጽሐፉን በጆሮአቸው ሰምተው ስለወደዱት ነው። አንድ አንባቢ የወደደውን ለሌሎች አካፈለ፤ እነሱም በተራቸው መጽሐፉን ተሸክመው አወጡት።

በዚያው ዘመን ከእስር ቤት ውጭም የመጽሐፍ ዕድል በአንባቢዎች እጅ የነበረበት ጊዜ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወዲያውኑ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ከመሰብሰቡ በፊት የተሸጡት ቅጂዎች ግን በድብቅ መነበባቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለሌላ ሰው መጠቆም ማለት በሰውየው ላይ ያለውን እምነት ሙሉ በሙሉ መግለጽ ስለነበር፣ የጥቆማው ቃል ራሱ በጥንቃቄ የሚነገር ምሥጢር ሆኖ ነበር። በተቃራኒው፣ ከፍቺው ሰፋ ቢልም፣ በአደባባይ ለሁሉም የተደረገው ትልቁ ጥቆማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም በተባለው ዝግጅት የተላለፈው የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ጭምር የራሳቸው መጽሐፍ የሆነው በዚህ ድምፅ ነው፤ ብዙ ሰው የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን ከገጹ ላይ ከማግኘቱ በፊት በጆሮው ያውቀው ነበር።

መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ሕንዳዊው ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ሥራው ካቆማቸው አምስት ሕጎች ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ አንደኛው ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ እንዳለ፣ ሌላው ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው እንዳለ ይደነግጋል። ከዚህ ጋር የሚስማማ የንባብ ምክር የሚባል የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ያለ ሲሆን፣ በእሱ የሠለጠነ ባለሙያ የመጣውን ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው መጨረሻ ያነበበውና የወደደው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ፣ ምኑንም እንደወደደው ነው። የራሱን ምርጫ ከማቅረቡ በፊት ይህን ሳይሰማ የሚጠቁም ሰው ስለ ራሱ ጣዕም እያወራ ነው። ከጥንዶቹ ሁለተኛው ሕግ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ወደ አንባቢው እንዲሄድ ያስገድዳል። በነገሌ ቦረና ተወልዶ በአሜሪካ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሌላዋ የስምጥ ሸለቆ ከተማ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ አስጭኖ ልጆች ወዳሉበት ሰፈር የወሰደው ይህንኑ በተግባር ለማዋል ነው።

ጥሩ ጥቆማ መጽሐፉ የሚጠይቀውን ድካምም አይደብቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ የተሰጠው ወጣት ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሚገናኙበትን ቦታ ሲፈልግ ገጽ በገጽ ላይ ይገለብጣል፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ሕይወት ስለሆነ፣ ይህን አስቀድሞ ያልሰማ አንባቢ ጥሎት ሊነሣ ይችላል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ከዚህም ይብሳል፤ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላ ድምፅ የሚዘል፣ የሰሜን ሸዋን አነጋገር በብዛት የያዘ፣ በጥድፊያ ለማያነብ ሰው የተጻፈ ታላቅ ሥራ በመሆኑ፣ ልብ ወለድ ማንበብ ለጀመረ ሰው በመጀመሪያ መስጠት አንባቢውንም መጽሐፉንም መጉዳት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ችሎ ማለፍ እንደሚያስፈልግ፣ ካስፈለገም ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሚረዳ ቢናገር ይሻላል። የታሪኩን መጨረሻ ግን መናገር አያስፈልገውም፤ በጣም የወደደ ጠቋሚ የሚስተው ይህን ነው።

በአዳማና በአካባቢዋ ጥቆማ ሌላ ሸክምም አለበት። ከተማዋ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የምትኖር ስትሆን፣ በንግግር ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያውቅ ሰው በንባብ ግን አንዱን ብቻ የሚመርጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ «በሪሳ» ይታተም የነበረው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ፣ ማለትም የላቲን ፊደልን መሠረት ያደረገው የአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ፣ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሲውል ልብ ወለዱም በእሱ አደገ። የዳባ ወየሳ «ጎዳኒሳ»ና የጋዲሳ ብሩ «ኩሳ ገዶ» ከዚህ ዘመን መጀመሪያዎች ይቆጠራሉ። ታዲያ በአንድ ግቢ አድገው፣ አንዱ በቁቤ ሌላው በፊደል የተማሩ ሁለት ጎረቤታሞች የአንዱን ደራሲ ስም ሌላው ሳይሰማ ሊያረጁ ይችላሉ። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ትርጉም እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላው ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አንባቢ በአፋን ኦሮሞ ያነበበውን ለአማርኛ አንባቢ ጎረቤቱ በቃል ሲተርክ፣ በአማርኛ ያነበበውንም በተራው ለሌላው ሲያቀብል፣ ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ከጀመረው ሥራ የመጀመሪያውን ክፍል እየሠራ ነው።

ማዋስ ያለው ቦታ ሁሉ መጥፋትም አለ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ ላይ የምትገኘው ደብረ ጽዮን ገዳም ለዘመናት ጠብቃ ባቆየቻቸው የብራና መጻሕፍት የታወቀች ናት። የጥንት ጸሐፊዎች ብራናን የሰረቀውን ወይም ጽሑፉን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል በመጽሐፉ ላይ ያሰፍሩ ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ማለት የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወራት ድካም በሆነበት ዘመን ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየከተማው የነበሩት መጽሐፍ አከራዮች መያዣ ይቀበሉ የነበረውም ለዚሁ ነው። ዛሬ አስቸጋሪው ነገር ተገልብጧል፤ መጽሐፍ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲሰራጭ የሚጠፋ ቅጂ የለም፤ የሚጠፋው የደራሲው ገቢ ነው። የራስን ቅጂ ለጓደኛ ማዋስና አንድን መጽሐፍ ሙሉውን ገልብጦ ለሺዎች መላክ በመልካም ልብ ቢደረጉም እኩል አይደሉም፤ በጥቂት ሺ ቅጂ ለሚኖር ደራሲ ሁለተኛው ቀጣዩን መጽሐፍ ያስቀረዋል።

በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ ልማድ ለአዳማ የሚስማማ ይመስላል። በባለሙያዋ ናንሲ ፐርል መሪነት የከተማው ሰው በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ልብ ወለድ አንብቦ እንዲወያይበት ተጋበዘ፤ ሐሳቡም ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። አዳማ ብትሞክረው የሚመረጠው መጽሐፍ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዱ የአፋን ኦሮሞ አንዱ የአማርኛ፣ ሁለቱም አጫጭር ቢሆኑ ይበጃል፤ ቅጂው እንደማይበቃ የታወቀ ስለሆነም፣ ከደራሲዎቹ ጋር በስምምነት ሁለቱም በሬዲዮ በሁለቱ ቋንቋዎች ቢተረኩ፣ መግዛት ያልቻለውም በአንደኛው ፊደል ብቻ የሚያነበውም ስለ ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ሊከራከሩ ይችላሉ።