ባሌ ስትሄዱ አልጋ የምትይዙት የት ነው? ከዋጋው በፊት ከፍታውን ጠይቁ!



የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሳነቴን፣ ቀይ ቀበሮውንና የሀረናን ጫካ ለማየት ለሁለት ለሦስት ቀን ብቅ የምትሉም ብዙ ናችሁ። አልጋ ስትይዙ መቼም ዋጋውን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ዋይፋዩንና የመኪና ማቆሚያውን ትጠይቃላችሁ። እኔ እንደ ሐኪም ሦስት ነገር ልጨምርላችሁ፦ የምትተኙበት ቦታ ከፍታው ስንት ነው? ክፍሉ በምን ይሞቃል? ሐኪም ቤትስ ምን ያህል ይርቃል?

1. ከፍታው

ቁጥሮቹን እዩአቸው (ሁሉም ግምታዊ ናቸው)፦
👉 አዲስ አበባ 2,400 ሜትር
👉 ሮቤ 2,500 ሜትር
👉 ጎባ 2,700 ሜትር
👉 ዲንሾ 3,100 ሜትር
👉 ሳነቴ 4,000 ሜትር (ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር)

ሳነቴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀን ላይ ሰውነት ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራል። ስንተኛ ግን አተነፋፈሳችን ይቀንሳል፣ የደማችን ኦክስጅንም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የከፍታ ሕመም የሚወስነው ቀን የወጣችሁበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ያደራችሁበት ቦታ የበለጠ ይወስናል። የተራራ ተጓዦች "ከፍ ብለህ ዋል፣ ዝቅ ብለህ እደር" የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

✅ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ። በሻሸመኔም ሆነ በአሰላ በኩል ብትመጡ ከዶዶላ በኋላ ቀድማችሁ የምታገኙት ዲንሾን ነውና "ደክሞናል፣ እዚሁ እንደር" ማለት ይመጣል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ጤነኛ ሰው ብዙም አይከብድ ይሆናል። ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዳማ ወይም ከውጭ አገር ቆላማ ከተማ የመጣ ሰው ግን በአንድ ቀን ብዙ ከፍታ ስለሚዘል ትንሽ ነድቶ ሮቤ ቢያድር ይሻለዋል።

✅ ሳነቴን ጠዋት ወጥታችሁ ተመልከቱት፣ ለአዳር ወደ ጎባ ውረዱ። ላይ ድንኳን ተክላችሁ ማደር ካሰባችሁ ቢያንስ አንድ ሁለት ሌሊት ከታች አሳልፉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል።

✅ የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለባችሁ፣ እርጉዞችም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የአስም መርጫችሁን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ያዙ። የግፊት መድኃኒትም "ለእረፍት ነው የመጣሁት" ተብሎ አይቋረጥም!

✅ "ብርዱን ይሰብርልኛል" ብሎ አረቄ መጠጣት አይሠራም። አልኮል ቆዳን ለጊዜው ያሞቃል እንጂ የሰውነት ሙቀት ቶሎ እንዲባክን ያደርጋል። ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሆነ ለብቻው ደግሞ የሌሊቱን አተነፋፈስ ይበልጥ ያዳክማል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ እዚያው እረፉ፣ ከፍ አትበሉ። ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው አክታ፣ መንገዳገድ ወይም መቃዠት ካለ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ውረዱ። ከሳነቴ ጎባ መድረስ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳችኋል።

2. ክፍሉ በምን ይሞቃል?

ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። የባሌ ደጋ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በበጋ ሳነቴ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። "ማንደጃ ይግባላችሁ?" ብትባሉ መልሳችሁ "ብርድ ልብስ ጨምሩልን" ይሁን።

"ከሰሉ በደንብ ከቀላ ጭስ ስለሌለው ችግር የለውም" የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ፍም ከሰልም ያመነጨዋል። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ክፋቱ ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር መመሳሰሉ ነው፤ እሱም ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። መለያው ምንድን ነው? እሳት በነበረበት ክፍል ያደሩት ሁሉ በአንድ ላይ ከታመሙ፣ ወይም ውጭ አየር ሲያገኙ ቀለል ካላቸው፣ መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉንም አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ "98" ስላለ አትዘናጉ፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘን ሰው ደህና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

3. ሐኪም ቤት ምን ያህል ይርቃል?

የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ጎባ ከተማ ነው። ሮቤ ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ሁለቱም ለሆስፒታሉ ቅርብ ናቸው። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሆነ ከጫካ ሎጅ ይልቅ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሕፃናት "ራሴን አመመኝ" ማለት አይችሉም። ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ጡት አለመጥባትና ማስመለስ ካዩ ወላጆች ይጠንቀቁ።

4. ወደ ደሎ መና የምትወርዱ

ከጎባ ሳነቴንና ሀረናን አቋርጣችሁ ደሎ መና ስትደርሱ ቆላ ገብታችኋል። እዚያ የምታድሩ ከሆነ ጥያቄያችሁ ይለወጣል፦ "አጎበር አለው?" በሉ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ አዳራችሁ ወሳኝ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ "ባሌ ነበርኩ" ብቻ አትበሉ፤ ብርዱን አስቦ ወባን ላይጠረጥር ይችላል። "ደሎ መና አድሬያለሁ" በሉት።

ባጭሩ፣ አልጋ ለመያዝ ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦
☎️ ከፍታው ስንት ነው?
☎️ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አለ?
☎️ ክፍል ውስጥ ከሰል ትጠቀማላችሁ?
☎️ ሌሊት ሰው ቢታመም የሚያወርድ መኪና ይገኛል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚመልስላችሁ ቤት፣ ትንሽ ቢወደድም፣ እሱን ያዙ።

ባሌ ለመሄድ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።