የሙቅ ውኃ ገንዳ አያያዝና የሳንባ ምች

እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ፣ ቦቨንካርስፐል በተካሄደ የአበባ ትርኢት ላይ ለእይታ የቀረበ አረፋ የሚነፋ የሙቅ ውኃ ገንዳ በሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ተበክሎ ከ180 በላይ ሰዎች በሳንባ ምች ታመሙ፤ ከ20 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ታማሚዎቹ ውኃው ውስጥ የገቡ ሳይሆኑ በአጠገቡ ያለፉ ጎብኚዎች ነበሩ፤ ደቃቁን የውኃ ብናኝ መተንፈስ በቂ ነውና።

ባክቴሪያው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደንብ ይራባል፤ የገንዳው ሙቀትም ከዚሁ አይወጣም። ሙቀቱና የሚነፋው አየር ክሎሪኑን ቶሎ ያባክናሉ። ስለሆነም በመኖሪያ ቤትም ቢሆን ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ3 ሚሊግራም እንዳያንስ፣ ፒኤች ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን መከታተል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ በቱቦና በማጣሪያ ላይ የሚጋገረውን ዝልግልግ ሽፋን ክሎሪን ብቻውን አያጠፋውም፤ ውኃው ሲለወጥ መፈግፈግ አለበት። ያረጀ ማጣሪያ ሲተካ መጠኑ አምራቹ ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን፤ ያነሰው ውኃውን በጎኑ ሳያጣራ ያሳልፋል። ለማሸጊያ የተፈጥሮ ጎማ አይመረጥም፤ ባክቴሪያው ይለመልምበታል።

የሳንባ ምች ታማሚ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ባለ ገንዳ አጠገብ እንደነበረ መጠየቅ ሕክምናውን ይለውጣል። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ አይሠሩም፤ አዚትሮማይሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን ይሰጣል። የተለመደው የሽንት ምርመራ በዋነኛነት ሴሮግሩፕ 1ን ስለሚለይ፣ ኔጌቲቭ ውጤት ጥርጣሬውን አያስቀርም።