ስለ ቡችላ አስተዳደግ ጥቂት አሳብ

ለተከበሩት የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየሰፈሩ በብዙ ግቢ በር ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ማስታወቂያ ተጽፎ እናያለን። መንገደኛን ለማስጠንቀቅ የተጻፈ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ያ ውሻ ወደ ግቢው የገባው ሲሄድ የሚንገዳገድ ቡችላ ሆኖ ነው። ተናካሽ ያደረገው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ምንም እንኳ ዘሩም ድርሻ ቢኖረው፣ የውሻ ጠባይ በአብዛኛው የሚበጀው ወይም የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት በቤተ ሰቡ እጅ ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለልጅ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በአምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የመጀመሪያው ችግር ቡችላው ከእናቱ የሚለይበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ወጣቶች ገና በጣም ትንንሽ የሆኑ ቡችሎችን ታቅፈው ሲሸጡ ማየት የተለመደ ሆኗል። ቡችላ ግን ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሊቆይ ይገባዋል። ይህም ለጡቱ ብቻ አይደለም። ቡችሎች ሲጫወቱ አንዱ አጥብቆ የነከሰ እንደ ሆነ ሌላው ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል፤ እናቲቱም ትቆጣዋለች። የአፉን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው በዚህ ነው። ያለ ጊዜው የተወሰደው ቡችላ ይህ ትምህርት ቀርቶበት ወደ ሰው ቤት ይገባል።

በገባበት ሌሊት ያለቅሳል። ከወንድሞቹ ጋር ተቃቅፎ ይተኛ የነበረ ፍጥረት በጨለማ ብቻውን ሲቀር ማልቀሱ የሚያስደንቅ አይደለም። እንቅልፍ ያጡት ሰዎች ግን ወይ ይመቱታል፣ ወይ ወደ ግቢው ጥግ ወስደው ይጥሉታል። የሚሻለው ነፋስና እርጥበት በማያገኘው ካርቶን ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ለጥቂት ሌሊቶች የሰው ድምፅ በሚሰማበት ማስተኛት ነው። ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ይለምዳል።

ሁለተኛው ችግር ቤት ማቆሸሹ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሰዓት ብዙም አሳልፎ መያዝ አይችልም፤ የሦስት ወሩም ሦስት ሰዓት ያህል ቢታገሥ ነው። አፍንጫውን ከቆሻሻው ላይ ማሸት በብዙ ቤት የተለመደ ቅጣት ነው፤ ቡችላው ከዚህ የሚረዳው ግን ሰው የሚያስፈራ መሆኑን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ይሸናል። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያውኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ መውሰድ፣ እዚያ ሲሸናም ማሞገስ ይገባል። ነገሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው መንከሱና ማኘኩ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ በአራተኛው ወር ገደማ መርገፍ ይጀምሩና እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ በ42 ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ስለሚያሳክከው ጫማ፣ የወንበር እግርና የልጆች ደብተር ሳይመርጥ ያኝካል። ጫማን ከፍ ካለ ቦታ ማኖር፣ ለእርሱም የሚያኝከው ወፍራም ገመድ ቋጥሮ መስጠት ይጠቅማል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ይችላልና አይሰጠው። እጅ ሲነክስ ጨዋታውን አቋርጦ ዞር ማለት ነው። ልጆች በእጃቸው እያጫወቱ መንከስን ካስለመዱት በኋላ፣ በስድስት ወሩ ሲያደማቸው መደብደብ ፍርድ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰንሰለቱ ነው። ብዙ ሰዎች «ኃይለኛ እንዲሆን» ብለው ቡችላውን ገና በሁለት ወሩ ቀኑን ሙሉ ያስሩታል፤ እንግዳ እንዳያይ፣ ሕፃናትም እንዳይቀርቡት ያደርጋሉ። በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለው ቦታ ተደርጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 የታተመ አንድ ምርምር ነበር። በዚህም እስከ 14 ሳምንት ድረስ ከሰው ጋር ሳይገናኙ የቆዩ ቡችሎች ሰውን የሚሸሹና ለማላመድ እጅግ የሚያስቸግሩ ሆነው ተገኝተዋል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ያለው ጊዜ ቡችላው የሚፈራውንና የማይፈራውን የሚለይበት ነው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ጃንጥላ የያዘውንም፣ አህያውንም፣ መኪናውንም በሰላም ሊያይ ይገባዋል።

«ሰው ከለመደማ እንዴት ግቢ ይጠብቃል?» የሚሉ አሉ። በሚገባ ያደገ ውሻ የራሱን ግቢ ያውቃል፤ በሌሊት የማያውቀው ሰው ሲመጣ ይጮኻል፤ ለባለቤቱም የሚጠቅመው ጩኸቱ ነው። በፍርሃት ያደገው ግን ሌባውን ከጎረቤት ሕፃን አይለይም። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን በመጀመሪያ የሚያገኘውም ሌባውን ሳይሆን ኳሱን ሊያነሣ የገባውን ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዱላም አንድ ነገር ልናገር። ሥራዬ ማስተማር ስለ ሆነ በፍርሃት የሚገኘው ትምህርት ምን ያህል እንደ ሆነ አውቃለሁ። የተመታ ተማሪ የሚያጠናው ሒሳቡን ሳይሆን የመምህሩን ፊት ነው። ቡችላም እንደዚሁ ነው፤ ተጠርቶ ሲመጣ የተመታ እንደ ሆነ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። ነገርን ከነገር የሚያያይዘው በቅጽበት ስለ ሆነ ሙገሳውም ሆነ ተግሣጹ ከድርጊቱ ጋር ወዲያው መሆን አለበት፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ስላኘከው ጫማ መምታት ከንቱ ድካም ነው። ቃሉም አንድ ይሁን። አባት «ተቀመጥ»፣ እናት «ቁጭ በል»፣ ልጆች «እረፍ» የሚሉ ከሆነ ቡችላው የማንን ይስማ? ቤተ ሰቡ ተመካክሮ «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «ተው» የሚሉትን ሦስት ቃላት ይምረጥ፤ ከዚያም በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ያህል፣ በትንንሽ ቁራሽ ዳቦ ማለማመድ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሕይወትን ወደሚነካው ነገር ልለፍ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ፤ በዓመቱም ይደገምለት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ይህ በሽታ ሰውን ከሚይዝበት ጊዜ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው፤ በበሽታው በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎችም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሌላ መድኃኒት ሲፈልግ ጊዜ ሳያባክን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወላጆች ሆይ፣ ዱላ የሚፈራ ልጅ መነከሱን ይደብቃል፤ መደበቁም ሊገድለው ይችላል። ውሻ ነከሰኝ ወይም ቧጨረኝ የሚል ልጅ አይቆጡት፤ ስለ ተናገረ ያመስግኑት።

በዓል ሲደርስ ደግሞ በየቤቱ በግ ይታረዳል። በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የተገኘ እንደ ሆነ «ለውሻው ስጡት» ይባላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ዓይነት ትንሽ የኮሶ ትል ዘር ነው። በውሻው አንጀት ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በጠጉሩም ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ በገዛ ጉበቱ ወይም ሳንባው እንዲህ ያለ ከረጢት ሊበቅልበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሥጋ ለውሻ መጣል የለበትም፤ ወይ ይቃጠል፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችለው ጥልቀት ይቀበር።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜና ፈቃድ የሌለው ሰው ቡችላ ባይወስድ ይሻለዋል። ካደገ በኋላ አስቸገረ ተብሎ፣ ወይም ሴት ናት ትወልዳለች ተብሎ ወደ መንገድ የሚጣለው ውሻ ዞሮ የሁላችንም ችግር ይሆናል። የመንገድ ውሻ በበዛ ጊዜ በመርዝ መፍጀት የተሞከረ ነገር ነው፤ የጤና አዋቂዎች ግን የእብድ ውሻ በሽታን የሚገታው መግደል ሳይሆን ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ መሆኑን ያስረዳሉ።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች የክትባቱን ቀንና ቦታ በየሰፈሩ አስቀድመው እንዲያስታውቁ፣ ባለ ውሾችም በዚያ ቀን ሳይሰንፉ ውሾቻቸውን ይዘው እንዲወጡ አሳስባለሁ። እኛም መምህራን ተማሪዎቻችን የተነከሰ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቁ ከክፍላችን እንዳይወጡ አንድ የትምህርት ሰዓት ብንሰጥ ብዙ አይደለም። ሌሎች አንባብያንም በዚህ ጉዳይ የሚያውቁትን ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ