ለቆላ ግቢ ጉድጓድ ይሻላል

ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ የሚሄድ መንገደኛ ቦርደዴን ሲያልፍ የሚያየው ግራር፣ ፍየልና ግመል ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል፣ ዝናቡ ይቆራረጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከግቢ የተጠረገ ቅጠል ጥግ ይከመርና ክብሪት ይጫርበታል። የሚተርፈው እፍኝ አመድ ነው። ያ ቅጠል ኮምፖስት ሆኖ የጓሮውን አፈር ማልማት ይችል ነበር፤ ሲቃጠል ማየት ያሳዝናል።

ኮምፖስት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከመሬት በላይ የተቆለለ ክምር ነው። ዝናብ ለማያጣ ደጋ ይህ ደህና ነው። ቆላ ላይ ግን ክምሩ ሳይበሰብስ ይደርቃል፤ ቅጠሉን የሚያብላሉት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ያለ ውሃ አይሠሩምና። ስለዚህ ለቦርደዴ የሚስማማው ጉድጓድ ነው፦ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎርፍ የማይገባበት፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል።

አየር እንዲገባ ከታች ጭራሮና የተከተፈ የማሽላ አገዳ ይነጠፋል። አገዳው መጀመሪያ የከብት፣ ቀጥሎ የምድጃ ነው፤ ለጉድጓዱ ትራፊው ይበቃል። በላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥቡ፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ ከጫት የተረፈው ገራባ። ከዚያ የፍየል በጠጥ፣ ስስ አፈር፣ ጥቂት አመድ። እንዲህ እየተደራረበ ይሞላል። ደረቁ ብቻውን ዓመት ይቆያል፣ እርጥቡ ብቻውን ይገማል። ባለሙያዎች ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልጋል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዋናው ጭንቀት ውሃ ነው። በጄሪካን የተቀዳ ውሃ ለጉድጓድ አይደፋም፤ አትክልት የታጠበበት ግን ይሆናል። መጠኑን ለማወቅ ከጉድጓዱ እፍኝ ዘግኖ መጭመቅ ነው፤ ውሃው ከወረደ በዝቷል፣ እጅ ላይ ከተበተነ አንሷል። አፉ በአሮጌ ጆንያ ይሸፈን። መሐሉ ላይ አንድ ዘንግ ተተክሎ በየጥቂት ቀኑ ይነቀላል፤ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው ደርቷል፣ ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውሃ ይጨመር።

በምሥራቁ አገር የተስፋፋው ቅንጬ አረምም ሳያብብ ከታጨደ ለጉድጓዱ ይሆናል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይነካም። ዘር የያዘው ግን አይግባ፤ የቤት ጉድጓድ ዘሩን ሁሉ የሚገድል እኩል ሙቀት የለውም።

ነገሩ በአገራችን ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ፣ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በኩል፣ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የኮምፖስት ሥራ ጀመሩ። ትግራይም እንደ ቦርደዴ ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። ኮምፖስት የገባበት ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከለማው የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት ሰጠ።

ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ ታኅሣሥ ላይ የተሞላ ጉድጓድ፣ እርጥበቱ ካልተጓደለ፣ ለሚያዝያ ዘር ይደርሳል። ዘንድሮ ቅጠሉን አታቃጥሉት።